ውሎ ገብና ዞሮ ገጠም፤ የተራራ እግር ጉዞ ቃላት በአማርኛ

አማርኛ የተራራ አገር ቋንቋ እንደ መሆኑ፣ ስለ ተራራ የሚጻፈውን ሁሉ ያለ ችግር ይተረጕማል ተብሎ ይታሰባል። ይህ አስተሳሰብ በከፊል ብቻ እውነት መሆኑን ለመረዳት፣ በእንግሊዝኛ በብዛት ከሚታተሙት የተራራ ጉዞ መምሪያዎች አንዲት ገጽ ወስዶ ወደ አማርኛ ለመመለስ መሞከር ይበቃል። ተርጓሚው ገና ከርእሱ ሳያልፍ ይቸገራል። ችግሩም የቃል ድህነት አይደለም፤ አማርኛ ለዳገትና ለቁልቁለት፣ ለገደልና ለአፋፍ፣ ለጉብታና ለኮረብታ የየራሳቸው ቃላት አሉት። ችግሩ እነዚህ ቃላት የተቀረጹት በሌላ ዓይነት የመሬት አቀማመጥ ላይና ለሌላ ዓይነት ጉዞ መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጽንሰ ሐሳብ ሲብራራ የሚከተለውን ይመስላል። አንድ ሰው ጠዋት ከአንድ ስፍራ ይነሣል፤ የተራራ ጫፎችንና ጫፎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ከፍተኛ መሬት እየተከተለ ሲዞር ይውላል፤ ማታ በሄደበት መንገድ ሳይመለስ በሌላ ወገን ወርዶ ከተነሣበት ስፍራ ይገባል። ገበያ አልሄደም፤ ለሳለው ስለት ደብር አልተሳለመም፤ ከብት አላገደም። የጉዞው ዓላማ ጉዞው ራሱ ነው። ይህን በሁለት ወይም በሦስት ቃል ምን እንለዋለን?

ለምሳሌ የምንወስደው በሰሜን ምዕራብ ዌልስ፣ ኤረሪ በሚባለው ተራራማ አገር የሚገኘውንና በእንግሊዝኛ የመምሪያ መጻሕፍት ከሁሉ ይልቅ የታወቀውን የአንድ ቀን ዙር ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ መንገዱ አጭር ሆኖ ሳለ የሚያስፈልጉት ቃላት ሁሉ በላዩ ላይ ይገኛሉ። ሁለተኛ፣ የቦታዎቹ ስም በዌልሽ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ተራራን በሰው አካል መስሎ የሚሰይም ሌላ ቋንቋ ከአማርኛ ጐን አድርገን ለማየት ያስችለናል።

መንገደኛው ፔን ኧ ፓስ ከተባለው፣ ከባሕር ወለል በላይ 359 ሜትር ከሚገኘው የመኪና መንገድ አናት ይነሣል። በመጀመሪያ ወደ ክሪብ ጎኽ (923 ሜትር) ይወጣል፤ ከዚያ በዌልስ በከፍታ ሁለተኛ የሆነውን ጋርኔዝ እጋይንን (1065 ሜትር) ይረግጥና የዌልስ ከፍተኛ ተራራ ወደ ሆነው ወደ ኧር ዊዝቫ (1085 ሜትር) ይደርሳል። ከዚህ በደቡብ ምሥራቅ ወገን ወርዶ ኧ ሊዌዝ (898 ሜትር) በሚባለው ተራራ ላይ እንደ ገና ይወጣል፤ በመጨረሻም ልን ለዳው ወደሚባለው ሐይቅ ወርዶ፣ በሐይቁ ዳር ባለው የቀድሞ የማዕድን ሠራተኞች መንገድ ወደ ፔን ኧ ፓስ ይመለሳል። ርቀቱ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አራቱ ጫፎች ሐይቁን ከሦስት ወገን ከበው ይታያሉ።

ከርእሱ እንጀምር። በእንግሊዝኛው «የቀን ጉዞ» የሚለውን «የአንድ ቀን መንገድ» ወይም «የአንድ ቀን ጉዞ» ብሎ መተርጐም ለጆሮ ቀና ይመስላል፤ ነገር ግን ያሳስታል። በአማርኛ «የአንድ ቀን መንገድ» የርቀት መለኪያ ነው። «ከዚህ እስከዚያ የሦስት ቀን መንገድ ነው» ሲባል መንገደኛው በሦስተኛው ቀን ማታ ሩቅ ስፍራ ደርሶ ያድራል ማለት እንጂ ወደ ቤቱ ይመለሳል ማለት አይደለም። ስለዚህ አንባቢው የኤረሪን ጉዞ «የአንድ ቀን መንገድ» ተብሎ ቢያነብ፣ ስንቅና ማደሪያ ያስፈልገዋል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ለዚህ ቋንቋው ከጥንት የተዘጋጀ ቃል አለው፤ እርሱም «ውሎ ገብ» ነው። ውሎ ገብ ከአዳሪ ይለያል፤ ውጭ የሚያድር አዳሪ፣ ውጭ ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባ ውሎ ገብ ይባላል። ተርጓሚው ሌላ ቃል ፍለጋ የሚደክምበት ምክንያት አይታየንም።

ክብነትን ለማመልከት ያለው ምርጫ ሰፋ ያለ ነው። በትኬት መሸጫ ቤቶች የተለመደው «ደርሶ መልስ» ለዚህ አይስማማም፤ ደርሶ መልስ በሄዱበት መንገድ መመለስን ያሳስባል፤ የመምሪያ መጻሕፍቱም ይህንኑ ዓይነት ጉዞ ከክቡ ጉዞ ለይተው ይጽፉታል። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ልዩነቱን ማጥፋት ይሆናል።

«ዑደት» የበለጠ ክብደት ያለው ቃል ነው። ዖደ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጕሙ ዞረ፣ ከበበ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር ዑደት ይባላል። ይህ ፍች ከእኛ ጉዳይ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ በመካከል ያለውን ሐይቅ እየዞሩ መሄድ ነውና። ሆኖም ቃሉ ከጊዜ በኋላ በሳይንስ ትምህርት «የውሃ ዑደት» እየተባለ ሲሠራበት፣ ያለማቋረጥ የሚደጋገም ሂደት የሚል ፍች አዳብሯል። ዛሬ «የተራራ ዑደት» ብንል፣ የጂኦግራፊ ተማሪ ስለ ተራራ መፈጠርና መሸርሸር የተጻፈ መስሎት ገጹን ይገልጣል። የሃይማኖቱን ፍች ለሽርሽር ማዋሉም ለአንዳንዱ አንባቢ ደስ አይለው ይሆናል። ስለዚህ ዑደትን ለያዘው ሥራ ብንተውለት ይሻላል።

በእኛ አስተያየት የሚመረጠው «ዞሮ ገጠም» ነው። ጫፍና ጫፉ የሚገናኝ መሥመርን በቀጥታ ይገልጻል፤ አወቃቀሩም ከውሎ ገብ ጋር አንድ ነው። ሁለቱም በቦዝ አንቀጽ ተነሥተው «አገር በቀል»፣ «አየር ወለድ»፣ «ልብ ወለድ» በሚሉት ውሁድ ቃላት ላይ በምናየው ቅርጽ ይጨርሳሉ። እንዲህ ከሆነ «ውሎ ገብ፣ ዞሮ ገጠም የተራራ ጉዞ» ብለን መጻፍ እንችላለን። ረዘም ያለ ነው፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ ቃል ሥራ አለው። ንግግር ሲሆን «የተራራ ዙር» ቢባል የሚከለክል የለም።

በእንግሊዝኛ ይህ መንገድ «የፈረስ ጫማ ብረት» በሚል ምሳሌ ይጠራል። በአገራችን ፈረስ በብዛት ብረት ስለማይጫማ፣ ምሳሌው ለአብዛኛው አንባቢ የሚያሳየው ነገር የለም። ቅርጹን ለመግለጽ ማጭድ ይሻላል፤ ማጭድ የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ አይገኝም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንለፍ። ጫፍን ከጫፍ የሚያያይዘው ረጅምና ጠባብ ከፍተኛ መሬት፣ እንግሊዝኛው «ሪጅ» የሚለው፣ በአማርኛ ምንድን ነው? በአብዛኞቹ ትርጕሞች የምናገኘው «ሸንተረር» ነው። ይህ ቃል ግን በተግባር እንዴት እንደሚነገር ብናስተውል፣ ከ«ጋራ» ጋር ተጣምሮ «ጋራ ሸንተረሩ» እየተባለ ወጣ ገባውን አገር በጅምላ ሲያመለክት እናገኘዋለን። ለብቻው ሲሆን ደግሞ መሥመር መሥመር ያለውን ነገር ይጠራል፤ ሰውነት ላይ የሚወጣውን ዝንጕርጕር መሥመር ሴቶች ሸንተረር የሚሉት ከዚሁ ነው። ስለዚህ ሸንተረር የሚያሳየን የአገሩን ገጽ እንጂ አንድን የተለየ የእግር መርገጫ አይደለም። «ተረተር» የሚሉም አሉ፤ ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው ስንሄድ ግን አንዱ የኮረብታውን ጐን፣ ሌላው ጫፉን ማለቱ ስለሆነ ለሙያ ቃልነት አይጸናም።

ሦስተኛው ቃል «አፋፍ» ነው። አፋፍ እጅግ ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን አንድ ወገን ብቻ ነው ገደሉ። የሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ከሳንቃ በር ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚወስደው መንገድ በአያሌ ስፍራ አፋፍ አፋፉን ይሄዳል፤ በአንድ ወገን ጭላዳ የሚግጥበት ሣር፣ በሌላው ወገን ዋልያ የሚንጠለጠልበት ገደል አለ። እመት ጎጎ (3926 ሜትር) ላይ የቆመ ሰው እንኳ በስተ ኋላው የሚያርፍበት ሜዳማ ደጋ አለው። አማርኛ የተቀረጸው እንዲህ ባለው አገር፣ ማለትም ሰፊ ደጋ በወንዝ ተቦርቡሮ ገደል በሆነበት መሬት ላይ ነው። በዚህ አገር ከፍተኛው ስፍራ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ሲሆን፣ የሚያስፈራው ታች ያለው ነው። የኤረሪው ክሪብ ጎኽ ግን በሁለቱም ወገን ገደል ነው፤ የሚያርፉበት ሜዳ የለውም፤ በአንዳንድ ስፍራ መንገደኛው ዐለቱን እንደ አጥር ጫፍ በእጁ ይዞ እግሩን ዝቅ ብሎ ያሳርፋል። ይህን አፋፍ ብሎ የሚተረጕም ሰው የገደሉን እኩሌታ ደበቀ ማለት ነው።

ይህ ነገር የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ስፍራ እንጥቀስ። ከፔን ኧ ፓስ ሲነሡ ጥቂት እንደ ወጡ ቡልኽ ኧ ሞኽ፣ ማለትም «የአሳማዎች በር» ይገኛል። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ ያለው፣ ፒግ የሚባለው መንገድ፣ ከተራራው ጫፍ ዝቅ ብሎ በጐኑ እየዞረ ወደ ኧር ዊዝቫ የሚያደርስ የተለመደ የእግር መንገድ ነው። በቀኝ ያለው በቀጥታ ወደ ክሪብ ጎኽ ይወጣል። የግራውን አስበው የቀኙን የያዙ ብዙዎች ናቸው፤ በክሪብ ጎኽ ላይ ወድቀው የሞቱም አሉ፤ የአካባቢው የበጎ ፈቃድ ነፍስ አድን ቡድኖችም ወደዚህ ስፍራ ደጋግመው ይጠራሉ። አሁን በእጁ የአማርኛ ትርጕም የያዘ መንገደኛ እዚያ ቆሞ «ሸንተረሩን ተከትለህ ሂድ» የሚል ቢያነብ የትኛውን ይይዛል? ሁለቱም ሸንተረር ናቸው፤ ሁለቱም ጋራ ናቸው። መምሪያው ግን ያለው አንዱን ብቻ ነው።

ከዌልሽ ቋንቋ የምንማረው እዚህ ላይ ነው። ዌልሾች ሰፊውንና ክብ ያለውን የተራራ ከፍታ ኬቨን ይሉታል፤ ትርጕሙ ጀርባ ነው። ጠባቡንና ጥርሳሙን ክሪብ ይሉታል፤ ትርጕሙ ማበጠሪያ ነው። (የአውራ ዶሮ ራስ ላይ ያለውንም ቀይ ሥጋ በዚሁ ቃል ይጠሩታል፤ ጎኽ ደግሞ ቀይ ማለት ስለ ሆነ፣ የተራራው ስም ለአማርኛ ተናጋሪም ፈገግታ የሚያስከትል ምስል ይሰጣል።) እኛም ከአካል ስም ብንወስድ ሁለቱን ልንለያቸው እንችላለን። ሰፊውን «የተራራ ጀርባ»፣ ጠባቡንና በሁለት ወገን ገደል የሆነውን «የተራራ አከርካሪ» ብንል፣ ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይገባል። ጀርባ ላይ ይጫናል፤ ጀርባ ላይ ይተኛል፤ አከርካሪ ላይ ግን የሚተኛ የለም። እንዲህ ከሆነ መምሪያው «አከርካሪውን ይዘህ ውጣ» ሲል አንባቢው ስለ አደጋው ከቃሉ ራሱ ይሰማል። ፈረንሳዮች ለዚሁ ዓይነት ስፍራ የዓሣ እሾህ የሚል ፍች ያለውን ቃል መጠቀማቸውና ቃሉም ወደ ሌሎች ቋንቋዎች መግባቱ የአጥንት ምሳሌ ለዚህ ጉዳይ የሚስማማ መሆኑን ያስረዳል።

ከአከርካሪው ጋር ተያይዞ የሚመጣ አንድ ግሥ አለ። እንግሊዝኛው በእግር መሄድንና በገመድ ዐለት መውጣትን ለይቶ፣ በመካከላቸው እጅን ከእግር ጋር እያገዙ መውጣትን በሌላ ቃል ይጠራል፤ ክሪብ ጎኽም የሚመደበው ከዚህኛው ነው። ተርጓሚዎች ይህን «መንፏቀቅ» ሲሉት አይተናል፤ መንፏቀቅ ግን በመቀመጫ መሄድ ነው። «መዳህ» ያሉትም ሕፃን አስመሰሉት። እኛ «መቧጠጥ» እንላለን። «ዳገቱን ቧጥጦ ወጣ» የሚለው አነጋገር በሕዝቡ አፍ ያለ ነው፤ ጥፍርና ጣት በሥራው እንዳሉበት ቃሉ ያሳያል። «የመቧጠጥ ጉዞ» ያለ ሰው ከእግር ጉዞ የበለጠ፣ ከገመድ ያነሰ እንደሆነ ተናገረ።

ስለ ተራራ ጫፍ ስንናገር ችግሩ የቃል መብዛት ነው። ጫፍ፣ አናት፣ ራስ፣ ከፍታ፣ አምባ እየተባለ ይጻፋል። ከነዚህ «አምባ» መወገድ አለበት፤ አምባ አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው፤ ግሸን የነገሥታት ልጆች እስር ቤት፣ መቅደላም የዐፄ ቴዎድሮስ ምሽግ ሊሆኑ የቻሉት ሰውና ከብት የሚይዝ አናት ስላላቸው ነው። ኧር ዊዝቫ ላይ እንዲህ ያለ ሜዳ የለም። (እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ እስከ አናቱ የሚወጣ የባቡር ሐዲድ አለው፤ በቧጠጣ የደከመ መንገደኛ አናቱ ላይ ሲደርስ በባቡር የመጣ ሕዝብ ያገኛል። ይህ ግን ስለ መሬቱ ሳይሆን ስለ ሰዎቹ የሚነገር ነው።) «ደብር»ም ታሪኩ አስደናቂ ነው፤ በግእዝ ተራራ ማለት ሆኖ ሳለ፣ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት በተራራ ላይ ስለ ተሠሩ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያንን መጥሪያ ሆነ። ደብረ ዘይት፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ሲና የሚሉት ስሞች የጥንቱን ፍች ይዘዋል፤ ዛሬ ግን ቃሉን ለተራራ መመለስ አይቻልም።

«ራስ» በዌልሽ ካለው ፔን ጋር ልክ ይገጥማል፤ እርሱም ራስ ማለት ነውና። አገራችን ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ተራራ ራስ ዳሸን፣ ራስ ደጀንም እየተባለ የሚጻፈው (4533 ሜትር)፣ ይህን ቃል ይዟል። ሆኖም ራስ የማዕረግ ስምም ስለሆነ ለቦታ ስም ብቻ ብናስቀረው፣ ለተራው አገላለጽ «ጫፍ» ብንወስድ ይበቃል። «አናት»ን ከጫፍ ለይቶ፣ ሰው የሚቆምበትን ጥቂት ሰፊ ስፍራ ለማለት መጠቀም ይቻላል። በዚህ ላይ የጠነከረ አስተያየት የለንም።

በሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ዝቅ ያለ ስፍራ ዌልሽ በአንድ ቃል ቡልኽ ይለዋል። አማርኛ ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ይችላል። ጣርማ በር በሚለው ስም እንደምናየው፣ ከአንድ ወገን አገር ወደ ሌላው የሚያሳልፍ የተራራ መተላለፊያ «በር» ነው። በበር የሚያልፍ መንገደኛ ተራራውን ያቋርጣል። ዞሮ ገጠም ጉዞ የሚሄደው ግን ከጫፍ ወደ ጫፍ ሲሆን ዝቅታውን በቁመቱ ይረግጠዋል፤ ለዚህ «ኮርቻ» ይስማማል፤ ከፊትና ከኋላ ከፍ፣ ከመካከል ዝቅ ያለ ነውና። አንድ ስፍራ እንደ መንገዱ አቅጣጫ በርም ኮርቻም ሊሆን ይችላል። ከኧር ዊዝቫ ወደ ኧ ሊዌዝ ሲወርዱ የሚገኘው ቡልኽ ኧ ሳይታይ «የፍላጾች በር» ማለት ነው፤ አፈ ታሪኩ ንጉሥ አርተር የወደቀው እዚያ ነው ይላል። ስሙ ሲተረጐም በር፣ መንገዱ ሲገለጽ ኮርቻ ቢባል እርስ በርሱ አይጣላም።

የልኬት ቃላትም ጥንቃቄ ይሻሉ። «ከፍታ» የሚለው ቃል በአንድ ገጽ ላይ ለሦስት ነገር ሲውል ይታያል፦ ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ላለው ልክ፣ በመነሻውና በጫፉ መካከል ላለው ልዩነት፣ መንገደኛው በቀኑ ውስጥ ለሚወጣው ዳገት ሁሉ። በምሳሌያችን የመጀመሪያው 1085 ሜትር ነው፤ ሁለተኛው 726 ሜትር ነው፤ ሦስተኛው ግን በየኮርቻው ወርዶ እንደ ገና መውጣት ስላለ ወደ 1000 ሜትር ይጠጋል። ሦስተኛውን «የዳገት ድምር» ብለን እንለየው። ይህ መለየት ጥቅም አለው። የስኮትላንዱ ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣውና እስከ ዛሬ በሚሠራበት ደንብ መሠረት ለ5 ኪሎ ሜትር ያህል 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ያህል ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ይታሰባል። በዚህ ደንብ 12 ኪሎ ሜትርና 1000 ሜትር የዳገት ድምር 4 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በተግባር ግን ይህ ዙር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል፤ ደንቡ እግርን እንጂ መቧጠጥን አይቆጥርምና።

ሰዓት ሲነሣ የአቈጣጠሩ ነገር ይመጣል። የእንግሊዝኛውን 8 ሰዓት በእኛ አቈጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት የማንም ተርጓሚ እውቀት ነው። የሚዘነጋው የቀኑ ርዝመት ነው። በእኛ አገር «ቀን» ሲባል ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ያህል ነው። በኤረሪ በሰኔ ወር ወደ 17 ሰዓት ሲደርስ፣ በታኅሣሥ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ በኛ አቈጣጠር 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች። ስለዚህ «ውሎ ገብ» የሚለው ቃል በዚያ አገር ወሩ ካልተነገረ ፍቹ ሙሉ አይሆንም።

ከዚህም የከፋው የወቅቶች ስም ነው። መምሪያው አከርካሪው በረዶና ውርጭ ሲይዘው ያለ በረዶ መጥረቢያና ያለ ባለ ጥርስ የጫማ ብረት እንዳይሞከር ያስጠነቅቃል፤ ያንንም ወቅት ተርጓሚው «ክረምት» ይለዋል። ለአማርኛ አንባቢ ግን ክረምት ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ያለው የዝናብ ወራት ነው፤ ታኅሣሥና ጥር የበጋ ወራት ናቸው። «በክረምት አትውጡ» ተብሎ የተጻፈለት አንባቢ በሐምሌ፣ መንገዱ ደረቅና ቀኑ ረጅም ሊሆን በሚችልበት ወር፣ ቀርቶ በጥር ሊሄድ ይችላል፤ ያነበበውንም አክብሮ ነው የሄደው። በሌላ ጽሑፍ «የአውሮጳ ክረምት» ማለት ያስኬድ ይሆናል። ሕይወት በሚያዝበት መምሪያ ላይ ግን «ከኅዳር እስከ መጋቢት» ብሎ በወር ስም መጻፍ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

የቦታ ስሞችን አጻጻፍ በተመለከተ፣ በእንግሊዝኛ «ስኖውደን» ሲባል የኖረው ተራራ በዌልሽ ኧር ዊዝቫ ነው፤ የመቃብር ክምር ማለት ሲሆን፣ በአፈ ታሪክ የግዙፉ ሪታ መቃብር ነው ይባላል። የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በጽሑፎቹ የዌልሹን ስም እንዲጠቀም ስለ ወሰነ፣ የአማርኛ ተርጓሚም ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይህን መያዝ አለበት። ስሙን ለመጻፍም ፊደላችን ከሚገመተው በላይ ይመቻል። የዌልሽ ኧ ድምፅ ከአማርኛው ግእዝ ሆሄ ጋር ይቀራረባል፤ «ኤረሪ» ብሎ መጻፍ ከላቲኑ አጻጻፍ ይልቅ አነባበቡን ያሳያል። የሰሜን ዌልስ ልዩ አናባቢ ከሳድሳችን ጋር አንድ ስለ ሆነ እጋይንንና ልንን ያለ ችግር ጻፍን። የጎኽና የቡልኽ መጨረሻም በኽ ይሸፈናል። የሚጐድሉን ሦስት ናቸው፦ ምላስ በጥርስ መካከል ገብቶ የሚነገሩት ሁለቱ ድምፆችና በጐን አየር እያወጣ የሚነገረው ል መሰል ድምፅ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእንግሊዝኛ ስሞች እንደ ተለመደው ዝንና ትን ተጠቀምን፤ ለሦስተኛው ተራውን ል ወሰድን። አዲስ ሆሄ መፍጠር ለጥቂት የቦታ ስሞች አያስፈልግም።

በመንገዱ ላይ የሚገኙ ሌሎች ቃላት ብዙ አያከራክሩም። መንገድ ለማመልከት ወይም ጫፍን ለማስታወስ የተከመረ ድንጋይ «የድንጋይ ቁልል» ቢባል ይበቃል፤ «ካብ» የተደረደረ ግንብ መሰል ስለሆነ አይሆንም። ጋርኔዝ እጋይን «የሃያው ቁልል» ማለት ነው። ከኧር ዊዝቫ ወደ ፍላጾች በር ሲወርዱ እግር የሚያንሸራትተውን የተፈረካከሰ ድንጋይ «ናዳ» ብቻ ማለት በመናድ ላይ ያለ ያስመስለዋል፤ «የናዳ ኮረት» ብንል ወድቆ ያረፈ መሆኑ ይታወቃል።

ያልተቋጨው ኩም ነው። አራቱ ጫፎች የከበቡት፣ ሐይቁ ያለበት፣ ግግር በረዶ ቆፍሮ የተወው ጐድጓዳ ስፍራ በዌልሽ ኩም ይባላል፤ ቃሉም ወደ እንግሊዝኛ የጂኦግራፊ መጻሕፍት ገብቷል። የሰሜንና የባሌ ተራሮች በጥንት ዘመን ግግር በረዶ ነበራቸው፤ ምልክቱም በመሬቱ ላይ ስለሚታይ ቃሉ ለራሳችን አገር ገለጻ ያስፈልገናል። ሸለቆ እንዳንል ሸለቆ ወዲያና ወዲህ ክፍት ነው። ገደል እንዳንል መሠረቱ ይቀራል። «የበረዶ ጐድጓድ» ያሉ አሉ፤ ዛሬ በረዶ ያለበት እንዳይመስል «የግግር ጐድጓድ» ይሻላል እንላለን። ሆኖም በሰሜንና በባሌ በእግራቸው የሚኖሩ ሰዎች ይህን ቅርጽ በምን ስም እንደሚጠሩት ሳይጠየቁ ቃሉን ማጽደቅ አይገባም፤ መጠየቁም ከመዝገበ ቃላት አዘጋጆች በፊት የተራራ መሪዎችን ይመለከታል።